ያላቦካ እጅ ይባረክ

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። ስልኬ ግን አሁንም ዳቦ በዳቦ ነው። ክብ ዳቦ፣ ኮባ የለበሰ ዳቦ፣ ከጎኑ ጀበና የተቀመጠለት ዳቦ፣ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንደ አራስ ልጅ የታቀፈችው ዳቦ። ከስሩ «በገዛ እጄ፣ እንደ አያቴ አሠራር» ይላል። ከዚያ ስር ደግሞ 300 ሰው ተሰልፎ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ደጋግሜ ነው ያልኩት። በአንድ ሌሊት ይህን ሁሉ ባለሙያ ያፈራች ከተማ ከጎንደር ሌላ ካለች እስቲ ንገሩኝ።

እኔ የማውቃት አሠራር ሌላ ነበረች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ነገሩን የምትጀምረው ገና ጥር 9 ላይ ነው። ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ትነፋዋለች። ስንዴው የዳባት ካልሆነ ፊቷ አይፈታም። ከዚያ በእርሾ አቡክታ፣ ጥቁር አዝሙዷን በትና፣ ቡሃቃውን በነጠላ ትሸፍነዋለች። የጥር ብርድ ሊጡን እንዳያገኘው የአባቴን ጋቢ ደርባ ታለብሰዋለች። አባቴ ይብረደው፤ ሊጡ ግን አይብረደው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ተነስታ ኩፍ ማለት አለማለቱን ታያለች። ለእኛ ለልጆቿ ትኩሳት እንኳ እንዲህ አትነሳም ነበር ብል ኃጢአት ይሆንብኛል እንጂ።

ሲነጋ ኮባውን እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ ምጣዱ ላይ እንደ ምንጣፍ ታነጥፈዋለች፣ ሊጡን ትደፋለች፣ ከላይ በሌላ ኮባ ትሸፍናለች፣ ብረት ምጣድ ትከድንበታለች፣ ክዳኑ ላይ ፍም ትጭናለች። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። መሃል ላይ ዳቦ። ዳር ላይ ዓይኗ በጭስ የቀላ እናቴ።

«እማዬ፣ ጨው ስንት ነው?»

«እስኪበቃው።»

«ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ሽታው ሲጠራኝ አወጣዋለሁ።»

ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? ፎቶ የለ፣ ቪዲዮ የለ፣ አንድ ላይክ እንኳ የለ። እድሜ ልኳን ጋግራ ሞተች፤ ከቤተሰብና ከጎረቤት ውጭ ማንም አላየላትም። ያሳዝናል።

የዘንድሮ ባለሙያዎች ግን ነቄ ናቸው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት በትክክል የተረዱት እነሱ ናቸው። አባቶች ሲተርቱ እጅ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ በልብ ነው ያሉት። እንግዲህ ልብ ካለ፣ በዚያ ላይ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ካለ፣ ምጣድ ምን ይሠራል?

ደግሞ ማስረጃ ካስፈለገ፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ምን ተብሎ ነው? የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ። የማይዳሰስ! እኛም ትእዛዝ አክባሪዎች ስለሆንን የጥምቀቱን ዳቦም ሳንዳስሰው መጋገር ጀመርን። ከሊጥ እስከ ገበታ የባለቤቷ ጣት አንዴም አይነካውም። ዩኔስኮ መጥቶ ቢያይ ያለቅሳል።

አማቴ ቤት ሁለት ምራቶች ነን። ሌላዋን ምራት ለበረከት ያህል ላንሳት። ስሟን አልጠራም፤ ይህን ስታነብ ራሷን ታውቃለች። የዛሬ ሁለት ዓመት የከተራ ዕለት ማታ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። «ሊጡ ንፋስ እንዳይመታው ነው» አለች። እኛም ሊጡ እንዳይደነግጥ ኮቴያችንን አጥፍተን ነው የምንሄደው። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ አየኝ፣ አየሁት። ሊጥ ኮሽ አይልም። ኮሽ የሚለው ፌስታል ነው።

በነጋታው ከጥምቀተ ባሕሩ ስንመለስ ዳቦው ገበታ ላይ ቀረበ። አቤት ማማሩ! ክብነቱ በኮምፓስ የተሰመረ፣ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። ኮባው ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ ለምለም፣ ጤዛው ያልደረቀ። እንግዳው ሁሉ ስልኩን አወጣ። አማቴ ግን የዳቦ ፊት አያዩም። እሳቸው የሚያዩት ጀርባውን ነው። ቀስ ብለው በሁለት እጃቸው ገለበጡት።

ኮባ ላይ የተጋገረ ዳቦ ጀርባው ይናገራል። የቅጠሉ ጅማት እንደ ማኅተም ታትሞበት፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሎ፣ አልፎ አልፎ የተቃጠለ ቅጠል ተጣብቆበት ነው የሚወጣው። ይኼኛው ጀርባው ልሙጥ ነው። ጠርዙን ተከትሎ የላሜራ መጋገሪያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አማቴ አረንጓዴውን ኮባ በሁለት ጣት አነሱት። ኮባውን አዩ፣ ዳቦውን አዩ።

«ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዳቦው እሳት ላይ ሳለ ይኼ ኮባ የት ሄዶ ነበር?»

ደግነቱ የንስሐ አባታችን ነበሩና ነገሩ በጸሎት ታለፈ። ባረኩ፣ ቆረሱ፣ «ሌሊቱን የደከመችውን እጅ እግዚአብሔር ይባርክ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ጸሎት መቼም አድራሻ አይስትም። አንድ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣ የዳቦ ቤት ልጅ የትም ይሁን የት ያን ቀን ተመርቋል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል ነበር። አሁን ተሻሽሏል፤ ለቪዲዮ ያልሆነ ዳቦ ይቆራረስ። አንዷ ጎረቤቴ ስታቦካ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቃለች፤ ጥፍሯ አዲስ የተሠራ፣ ጉንጯ ላይ በጥንቃቄ የተነካ ዱቄት። ጉንጯ ላይ! እኔ ስንት ዓመት ዳቦ ስጋግር ዱቄት የሚያገኘኝ ብብቴና ጆሮዬ ስር ነው፤ ጉንጭ የሚመርጥ ዱቄት የት እንደሚሸጥ ሳልጠይቃት አልቀርም። ቅዳሜ ገበያ እንደሆነ አይቼ አላውቅም። ሊጡም የእሷ አይደለም። ከግቢዋ ተከራይ ለአንድ አፍታ የተዋሰችው ነው። ተከራይዋ ሊጧን ስትጠብቅ በር ላይ ቆማ ጫፏ ቪዲዮው ውስጥ ይታያል።

የዚህ ሁሉ ምስጢር ጠባቂ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከተራ ዕለት ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ጠዋት ማለቅ አለበት። አንዱን ሾፌር «ዛሬ ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እትዬ፣ እስካሁን ዘጠኝ የአያት አሠራር አድርሻለሁ» አለኝ። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከፒያሳ ቀበሌ 18፣ አንዷን እንዲያውም አዘዞ ድረስ። «ባለሙያ ማን እንደሆነች ማወቅ ከፈለግሽ እኔን ጠይቂኝ» ብሎ ሳቀ። አልጠየቅኩትም። የምጠይቀው ነገር የራሴንም ሊያወጣ ይችላላ።

አንዳንድ ጊዜ ሳስበው ውሸትም አይደለም። ጣልያን በ1934 ዓ.ም ኅዳር ላይ የመጨረሻ ምሽጉን ጎንደርን ሲለቅ ጠመንጃውን አስረክቦ ነው የወጣው፤ ፎርኖ፣ ቶርታ፣ ቦምቦሊኖ የሚሉት ቃላት ግን አልወጡም፣ እዚሁ ቤት ሠርተው ቀሩ። እንግዲህ የፎርኖ ዳቦ ይዛ «የአያቴ አሠራር» የምትል ሴት ካለች አያቷ የየት አገር ሰው እንደሆነች ነው እንጂ ያልነገረችን፣ ሌላውማ እውነት ነው።

ጣፋጩን ደግሞ አልረሳሁትም። ድሮ የበዓል ጣፋጭ ማለት ዳቦ በማር ነው፤ አበቃ። አሁን ገበታው ላይ ክሬሙ የተቆለለ ኬክ ከሌለ በዓሉ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል፤ ኬኩ ደግሞ የግድ «በቤት የተሠራ» መሆን አለበት። አንዷ ዘመዳችን እንግዳ ሁሉ እየሰማ «ኦቭን ነው የጋገርኩት» አለች። ኦቭኗን አውቀዋለሁ። እንደ ብዙዎቻችን ኦቭን በር ያለው የድስት መደርደሪያ ነው። ሦስት ብረት ድስት፣ አንድ እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ በላያቸው ላይ የተጣጠፈ የፌስታል ክምር። እሳት ቢነካው መጀመሪያ የሚቀልጠው ፌስታሉ ነው። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ግን እናቷን መርዳት ፈልጋ ነው መሰለኝ መሃል ላይ ገባች።

«እማዬ፣ ካርቶኑን ከአልጋ ስር ላውጣው? ክሬም ቀርቶበታል።»

ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል አልገባችም። የጋዜጠኛ ጭንቅላት አላት።

ባሎችን ካላመሰገንኩ አድልዎ ይሆንብኛል። የጎንደር ባል ወንፊት የት እንደሚሰቀል አያውቅም። እርሾና አተላ ቢያስቀምጡለት አይለይም። ገበታ ላይ ግን ሊቅ ነው። አንዴ ጎርሶ ጣራውን እያየ «ጥሩ ነው፣ የእናቴን አይሆንም እንጂ» ይላል። ዳቦውን ጠዋት በብብቱ አቅፎ ያመጣው ራሱ ነው እኮ! ለእንግዳው ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም» ብሎ ይመሰክርላታል። እሱስ እውነቱን ነው፤ ቪዲዮ ስታቀናብር ነበር።

እኔስ? በሉ እንግዲህ፣ የሰው ስጠራ ከርሜ የራሴን ብደብቅ ነውር ነው።

ዘንድሮ በገዛ እጄ አቡክቻለሁ። ምስክሬ ወገቤ ነው። ኩፍ ብሎልኛል፣ ኮባዬን ለብልቤአለሁ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴን ሰክቻለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ከተማው ሁሉ በአንዴ ምጣድ ሲሰካ ምን ይጠበቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንጨት አይነድድ፣ ከሰል በረንዳ ላይ ቢቀጣጠል ጎረቤት ይጮሃል። እስከ 9 ሰዓት ሌሊት ሻማ ይዤ ሊጡን ስጠብቀው፣ ሊጡም እኔን ሲጠብቀኝ፣ በመጨረሻ ሰልችቶት ቡሃቃውን ጥሎ ወጣ። ሆምጥጧል። ወለሉ ላይ ያለውን ስጠርግ እናቴን አሰብኳት።

11 ሰዓት ሲሆን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ወጣሁ። የጥምቀት ጠዋት ነውና ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳል፤ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ስድስት ሴቶች ተሰልፈዋል። ስድስቱም እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ማንም ማንንም ሰላም አይልም። ለካ እኛ ሴቶች በጫማም እንተዋወቃለን። ከፊቴ ያለችው ጫማ ባለ ዱቄት ጉንጯ ጎረቤቴ ናት። ጫማዬን አየችው። ጫማዋን አየሁት።

«ለነዳያን ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት። «እኛ ቤትማ ተጋግሯል።»

«እኔም እንግዳ በዝቶብኝ ነው» አልኩ።

ከፊቷ ያለችው ደግሞ ዱቄት ካላቸው ልትጠይቅ ብቻ እንደመጣች ነገረችን። ሁለት ድፎ ይዛ ሄደች።

ተራዬ ሲደርስ ሻጯ ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«በኮባ ነው ያለ ኮባ?»

«ያለ ኮባ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ኮባማ አለኝ። ያውም የተለበለበ።

አማቴ ቤት ዳቦዬ ገበታ ላይ ሲቀርብ ሌላዋ ምራት ከጥግ ሆና ፈገግ ብላ ታየኛለች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው። አማቴ እንደልማዳቸው ኮባውን አነሱት፤ ጠቆር ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት፣ እሳት የጎበኘው ኮባ። ከዚያ ዳቦውን ገለበጡት። ልሙጥ ነው። ላሜራው አለ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ መልሰው በፊቱ አስቀመጡት፣ ኮባውን አለበሱት፣ ለእንግዶቹ «የልጄ ሚስት ባለሙያ ናት» አሉ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ጉሮሮዬ ውሃ አላሳልፍ አለኝ።

በኋላ ሳህን ሳጥብ ወጥ ቤት ተከትለውኝ ገቡ። በሩን ዘጉት።

«ነገ የሚካኤል ዝክር አለብኝ፣ ወገቤም እንደምታውቂው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያው ሁለት አምጪልኝ። ይቺን ኮባ ግን እንዳትጥያት።»