መራጭ የማያስቸግርበት ምርጫ

ምርጫ ሲባል ሰልፍና ጭቅጭቅ የሚታያችሁ ሰዎች፣ እስቲ የእንግሊዟን ኦልድ ሳረም ተመልከቱ። እዚያ ነዋሪው አያጉረመርምም። ነዋሪ የለማ!

ዊልትሸር ውስጥ ያለች ኮረብታ ናት። ድሮ ግንብም ካቴድራልም ነበራት። በ13ኛው መቶ ዘመን አዲስ ካቴድራል ታች ሜዳው ላይ፣ ሳልስበሪ ተሠራ። ሕዝቡም ተከትሎ ወረደ። ላይ የቀረው ሣርና ፍርስራሽ ነው። ሁለቱ የፓርላማ ወንበሮች ግን ንቅንቅ አላሉም። ታማኝነት ከወንበር ይማሯል!

የምርጫው ቀን ደግሞ እንዴት ያምር ነበር። ሜዳው ላይ፣ ዛፍ ሥር ድንኳን ይተከላል። ድምፅ የሚሰጠው የቁራሽ መሬቱ ባለቤት ነው፤ ቤት ይኑርበት አይኑርበት ማንም አይጠይቀውም። እ.ኤ.አ. በ1831 መራጮቹ 11 ነበሩ፣ አንዳቸውም እዚያ አያድሩም። የእኛን ሚኒባስ ታክሲ እንኳ አይሞሉም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራ ነበር።

ቦታዋን በሕንድ የማድራስ ገዥ የነበረው ባለአልማዙ ቶማስ ፒት ገዛት፤ መሬቱን የገዛ ድምፁንም ገዛ ማለት ነው። የልጅ ልጁ፣ የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒትም በ1735 በዚችው ሣር ላይ ተረማምዶ ፓርላማ ገባ። «አያችሁ፣ ባዶ ኮረብታ ጎበዝ ያወጣል!» ይሉ ነበር ደጋፊዎቿ። ጎበዙ ግን በ1766 ተነስቶ እንዲህ ያሉትን ትናንሽ የምርጫ ክልሎች የሥርዓታችን የበሰበሰ ክፍል ናቸው አለ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ!

በ1802 ኮረብታዋ ለአንድ ሎርድ በ60,000 ፓውንድ ተሸጠች። በግ ለሚግጥበት መሬት እኮ ነው! ደላላ መሆን ያኔ ነበር።

ሰፎክ ያለችው ዳንዊችም አትረሳ። አብዛኛውን ከተማ ባሕር በልቶታል፣ ሁለት ተወካዮቿ ግን ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓሣም ጠበቃ ያስፈልገዋል። ማንቸስተር ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይዛ፣ ፋብሪካዋ ጭስ እየተፋ፣ ለብቻዋ አንድም ተወካይ አልነበራትም። ጥፋቱ የራሷ ነው። ማን ያን ያህል ሰው ሰብስቢ አላት?

ምቀኛ መቼ ይጠፋል! በ1832 በወጣው የተሐድሶ ሕግ ኦልድ ሳረምን ጨምሮ 56 የምርጫ ክልሎች ተሰረዙ። ዛሬ ግንቡን ለማየት ቱሪስት ትኬት ቆርጦ ይገባል። አንድ አውቶቡስ ብቻ ከመራጮቿ የሚበልጥ ሰው ያራግፍላታል።