ማስተካከያ፦ 24 ማይል እንጂ 24 ኪሎ ሜትር አይደለም

ባለፈው ሰሜን እንግሊዝ ስላለው የዮርክሻየር ሦስቱ ተራሮች የእግር ጉዞ ስጽፍ፣ «ዙሪያው 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ይበቃል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። 24ቱ ማይል ነው። በኪሎ ሜትር ወደ 39 ይጠጋል።

ስህተቱ ቀኑን ሙሉ ያዛባል። የተጠቀምኩበት የኔይስሚዝ ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይይዛል። በፔኒጌንት (694 ሜትር)፣ በዌርንሳይድ (736) እና በኢንግልቦሮ (723) በኩል ዞሮ ለመመለስ በድምሩ 1,585 ሜትር ገደማ ዳገት አለ። ስለዚህ እግር ብቻ አስር ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሳንድዊች መብላት፣ ሪብልሄድ የባቡር ድልድይ ሥር ፎቶ መነሳት አልተቆጠረም። (ድልድዩም 24 ቅስት አለው። እኔን ያምታታኝ እሱ ይሆን?)

ከሆርተን መንደር ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ። አንድ ሰዓት ብታርፉ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትመለሳላችሁ። ኢንግልቦሮ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጉልበት ሲከዳ።

«በዲሴምበርም ይቻላል» ያልኩትንም ሰርዙልኝ። ያኔ ፀሐይ ከ10 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች።