«እሱ ነው» ያልን ሁላችን

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ስንቶቻችን ነን ሌባውን አይተን የምንሮጠው? እግራችን ይቀድማል። ዓይናችን ኋላ ነው የሚደርሰው።

ሰኔ 2009 ነው። መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ሴት ጮኸች፤ ሞባይሏን መንትፈዋታል። ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ በሰው መሀል ሾልኮ ሲሮጥ ጀርባውን አየሁ። ጀርባውን ብቻ። ደቂቃ ሳይሞላ ሰዉ አንድ ባለ ቀይ ሹራብ ይዞ መሬት ላይ ጥሎታል። ቢበዛ 18 ዓመቱ ነው። አንዱ በጫማ፣ አንዱ በጃንጥላ። ነጠላ ያጣፉ እናት እንኳ በቦርሳቸው አቀመሱት። አንድ ሽማግሌ የሕንፃ ጥበቃ «በሕግ አምላክ!» እያሉ ጮኹ። ድሮ በዚህ ቃል የሚሸሽ ሰው እንኳ ይቆም ነበር አሉ። ያን ቀን ማንም አልቆመም። የልጁ ኪስ ሲፈተሽ የተገኘው የሱቅ ቁልፍና 12 ብር ነው። ሞባይል የለም። «ለጓደኛው አቀብሎት ነው» አልን። መቼም መልስ አናጣም።

ጣቢያ ስንደርስ ፖሊሱ ልጁን ብቻውን፣ በካቴና እንደታሰረ፣ ከንፈሩ እየደማ አቆመልንና «ይሄ ነው አይደል?» አለን። ጥያቄ ነው ይሄ? ከሚመስሉት ሰዎች ጋር አሰልፎ ማስመረጥ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሴትዮዋ «እሱ ነው» አለች። እኔም «እሱ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ዝናቡ ሳይመጣ ቤቴ ልግባ ብዬ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው ይነገረው ይላል። እኛ ፊት ማንም አልነገረውም። በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብም ይላል። ይህቺስ ተከብራለች፣ አልዋሽም። ቀርቦ 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠበት።

ችሎት ላይ ዳኛው «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። ሆዴ ጀርባውን ነው ያየኸው ይለኛል። አፌ «አዎ» አለ። የፈረምኩትን ብለውጥ በሐሰት ምስክርነት እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። እሱ ታሰረልኝ። አንድ ዓመት።

እናቱ በር ላይ ጠበቁኝ፤ የምሳ ሳህን በፌስታል ይዘዋል። አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ፊቱን አይተኸው ነበር?» ብቻ አሉኝ። ሳልመልስ ሄድኩ።

ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ነበረበት፤ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው የሚለው። ልጁን ያሠራው የነበረው ባለ ሱቅ እንዳጫወተኝ፣ ቤተሰቡ ይህን የሰማው ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። እኔስ? በነዚያ 15 ቀናት ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ብል ምን ነበረበት?

ፖሊሱን ልትሰድቡልኝ ተነሳችሁ አይደል? ስደቡት፣ ድርሻ አለው። ግን ልጁን ጎትተን ያስረከብነው እኛ ነን። ደም በደም አድርገን።

ባለፈው ወር እዚያው ቦታ እንደገና «ሌባ!» ተባለ። ሰዉ ሆ ብሎ ተነሳ። ሽማግሌው ዛሬም አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «በሕግ አምላክ!» አሉ። ሁለት ሰዎች ቆሙ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ልጁ እንዳይመታ ከበነው ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቅን። «እሱ ነው?» ተባልን። አላየንም አልን።