ምስጋና ለጀበና ቡናው ሚኒስትሮች

አገሪቱ የነገ መብራቷን ከየት ታምጣ የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ ማንንም አያሳስብ። ደብረ ማርቆስ ላይ መልስ አግኝቷል። የት ቢሉ፣ ጀበና ቡና ጋ። መቼ ቢሉ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር።

እንዲህ ያለ የተባረከ ሕዝብ ከየት ይገኛል? ሌላው ዓለም አንድ ማመንጫ ለመምረጥ ዓመታት ይፈጃል። ወንዝ ይለካል፣ ነፋስ ይመዘግባል፣ ሂሳብ ይሠራል። እኛ አቦሉ ሳይቀዳ መርጠን ጨርሰናል። ቶናው ላይ ግንባታው ይጠናቀቃል። በረካው ሲደርስ ለጎረቤት አገር ሸጠን ዶላሩን እየተካፈልን ነው። ይህ ሁሉ ሲወሰን ጀበናው የተጣደው ከሰል ላይ ነው። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ምድጃ አሁንም የሚነደው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል መሆኑን ግን ጉባኤው አያነሳም። ትንሽ ነገር ነዋ።

መስፈርታችንም ግልጽ ነው፦ ትልቁ ያሸንፋል።

ፀሐይ ገና ስሟ ሲነሳ ወደቀች። «እሱማ የአክስቴም ጣሪያ ላይ አለ» ተባለ። አክስት ጣሪያ ላይ የሚወጣ ነገር እንዴት አገር ያሳድጋል? የከርሰ ምድር እንፋሎት ቀጠለ። በጋ ከክረምት ሳይለይ ሊያመነጭ ይችላል፣ ስምጥ ሸለቋችንም ሞልቶታል። ግን ጉድጓድ ነው፣ ፎቶ አያምርም። አሉቶ ላንጋኖም ሲተከል 7.3 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ወደቀ። ነፋስ ትንሽ ተስፋ አሳይቶ ነበር። አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት መሆኑን የሰማ አንዱ «ጮቄ አናት ላይ እንትከለው!» አለ። ነፋሱን የለካው እንዳለ የጠየቀ የለም። ጮቄ ይበርዳል፣ በቃ።

ኒውክሌር ሲባል ግን ሁሉም ከመቀመጫው ተነሳ። መንግሥት መስከረም 2018 ላይ ከሩሲያ ጋር ሰነድ ተፈራርሟል፣ እኛ ደግሞ በዚያው ሳምንት ቦታ መርጠናል። የባጃጅ ሹፌሩ «ዓባይ በረሃ፣ ከደጀን ወረድ ብሎ፤ ሰው የለበትም» አለ። ስንት ዓመት ይፈጃል፣ በምን ገንዘብ፣ ያገለገለው ነዳጅስ የት ይቀበራል የሚሉ ጥያቄዎች ቡናውን ያቀዘቅዛሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ጉባኤው ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ጥፋተኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሕዳሴ ግድብ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ቁጥር ማርቆስ ውስጥ በቃሉ የማይዝ የለም። ልጁ ግን በዓመት ይመነጫል የተባለውን 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ይዞ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ በዓመቱ 8,760 ሰዓት አካፈለው። በአማካይ ወደ 1,800 ሜጋ ዋት መጣ።

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ «ማን ልኮህ ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጉድለቱን ማውራቴ አይደለም» አለ ልጁ። «ተርባይኑ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ አይሽከረከርም። ውሃው ነው የሚወስነው። ለዚህ ነው ሌላ ምንጭ መደባለቅ ያለብን...»

ጡረተኛው መምህር አላስጨረሱትም። «የወር ደመወዜን የሰጠሁበትን ግድብ፣ አንተ ማነህና ታካፍለዋለህ?»

ጭብጨባ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቅኔ አገር ስለሆንን ይሁን አላውቅም፣ ሜጋ ዋት ሲባል ሰሙን ትተን ወርቁን ብቻ ነው የምንሰማው። በ2001 ዓ.ም. ውሃ ሲያጥር መብራት በፈረቃ ይታደል እንደነበር ያስታወሱ አንድ ሽማግሌም «ሟርት አይወራ» ተብለው ዝም አሉ። ዛሬም ከምናመነጨው ከመቶ ዘጠናው በላይ የውሃ ነው። ደመናው ግን ቃል ገብቶልናል።

የጢስ ዓባይን ነገር ደግሞ በጨዋ ደንብ አናነሳም። ከ2002 ጀምሮ የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ተጠልፎ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን ማመንጫ ያዞራል። ፏፏቴው ከሳ። መብራት ሲመረጥ የሆነ ነገር እንደሚከፈልበት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ቆሞ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ግን እናሳየውና «ክረምት ብትመጣ ኖሮ!» እንለዋለን።

ከሕዝቡ ግማሽ ለሚጠጋው ገና መብራት አልደረሰም፤ ለእሱ ሽቦው ከየት ይምጣ? ትራንስፎርመሩስ? ይህ ዝርዝር ነው። ሚኒስትር ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ባለፈው ቡና የምታፈላው ልጅ ደፈር ብላ ጠየቀች። «ጋሼ፣ ደጄ ላይ ያለው ምሰሶ ጋድሏል። ዝናብ ሲጥል ሽቦው ይነካካና የሰፈሩን መብራት ያጠፋዋል። ሰው አሰባስበን ብናመለክትስ?»

ጉባኤው በአንድ ድምፅ ከለከላት። ኒውክሌሩን እኛ እንጨርሰዋለን፤ ምሰሶ ግን የመንግሥት ሥራ ነው።