ስልክ ይቅደም!

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የምትዞረውን ቪዲዮ ያላየ የለም፤ ካለም አንድ ዘመድ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ሳይጥልለት አያድርም። ቶኪዮ ውስጥ ስምንት ወንበር ብቻ ያላት ሱሺ ቤት፤ ባንኮኒው ላይ የተተከለ የስልክ ማቆሚያ፤ ከባንኮኒው ወዲያ ቢላውን አስቀምጦ የሚጠብቅ ሽበታም ባለሙያ፤ ወዲህ ደግሞ «ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ!» የሚሉ እንግዳ። ተናዳችኋል፤ አውቃለሁ። ንዴታችሁ ግን አድናቆት ከማነስ የመጣ ነው። ዛሬ ለእኚህ ጀግናና ለመሰሎቻቸው የሚገባቸውን ምስጋና እናቅርብ።

እነሱ ባይደርሱለት ሱሺ ምን ሆኖ ይቀር ነበር? ምግብ! ሲጀመርም ከዚያ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ፣ ቶኪዮ ገና ኤዶ እየተባለች፣ ሃናያ ዮሄይ የሚባለው ሰው ስሙን ያስጠራበት ኒጊሪ፣ ማለትም በእጅ በተጨበጠ ሩዝ ላይ ዓሣ የተኛበት ሱሺ፣ የችኩል ሰው መክሰስ ነበር፤ እንደ እኛ ሳምቡሳ ጎዳና ዳር ቆመው የሚጎርሱት። መጠኑም ከዛሬው እጥፍ ይሆን ነበር። ብላ፣ ክፈል፣ ሂድ። ያ ሁሉ ትውልድ ዓሣውን አንድ ጊዜ እንኳ «እስቲ ወደ ቀኝ ዞር በል» ሳይለው በልቶት ማለፉ አንጀት ይበላል።

ጀግናችን የተቀጠሩት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ከተፍ አሉ። የሐበሻን ቀጠሮ ባሕር ማሻገር ቀላል ውለታ አይደለም። እንዲህ ባለች ቤት የሚበላው ኦማካሴ ነው፤ «አንተ እንዳወቅህ» ብሎ ምርጫውን ለባለሙያው መተው ማለት ነው። ብዙ ጊዜም ስምንቱም እንግዳ እኩል ይጀምራል። ሩዙ ተቀቅሎ፣ አቼቶና ጨው ገብቶበት፣ እንደ ሰው ገላ ለብ እንዲል የሚደረገው ያቺን ሰዓት አስልቶ ነው። ሁለተኛው ዙር 2 ሰዓት ከ30 ላይ ስለሚገባ፣ የጠፋችው አርባ ደቂቃ ከሌሎቹ ሰባት ሰዎች ጉሮሮ ላይ ትቀነሳለች።

ሽቶውም አይረሳ፤ ዱባይ ሲያልፉ የተገዛ ነው፣ ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ። የሱሺ ሽታ ስስ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ቤቶች ቦታ ሲያዝ «እባክዎ ሽቶ ተቀብተው አይምጡ» ይላሉ። ባንኮኒው ደግሞ ሂኖኪ ከሚባል፣ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ከሆነ እንጨት የተሠራ፣ ቫርኒሽ ያልነካው፣ ልስልስ ነገር ነው፤ የእጅ ሰዓት እንኳ ይጭረዋል። የስልክ ማቆሚያ ሦስት እግር ምን የመሰለ መታሰቢያ ትቶለት እንደሚሄድ አስቡት።

ትልቁ ገድላቸው ግን የጥቅሏ ነው።

ባለሙያው ኖሪ ላይ ሩዝ አሳርፎ፣ የባሕር ጃርት ብርቱካንማ ሥጋ ጭኖበት፣ ጠቅለል አድርጎ በባንኮኒው ላይ እጁን ዘረጋ። ሳህን የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ምክንያት አለው። ኖሪ እሳት ያየ ደረቅ የባሕር አረም ነው፤ የጣዕሙ ግማሽ ጥርስ ሥር ቀጭ ማለቱ ነው፤ ለብ ያለ ሩዝ ሲነካው ግን እርጥበቱን መምጠጥ ይጀምራል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ አበቃለት። ባጭሩ ነገሩ ጉርሻ ነው። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር፤ እጅ ተዘርግቶ «ቆይ» ይባላል እንዴ?

«ቆይ! እዚያው ያዘው!» አሉ።

አንደኛው ደቂቃ ብርሃን ፍለጋ ሄደ። በሁለተኛው ቀጭ የሚለው ነገር ተሰናበተ። በሦስተኛው ስልኩ «ስቶሬጅ ሞልቷል» አለ፤ ምን ይሰረዝ? የአክስት ልጅ ሠርግ። ሳያዩት አይሰረዝማ! ተከፈተ። በአራተኛው ደቂቃ፣ እዚያው ሠርጉ ውስጥ፣ የሙሽራው አማት ዶሮ ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ ሙሽራው አፍ ሲያስጠጉ ቪዲዮ አንሺው «እማማ፣ እዚያው ያዙት! ሙሽራው፣ አፍህን እንዳትዘጋ!» ይላል። ወጡ በአማቲቱ ክንድ ላይ እየወረደ ክርናቸው ደረሰ፤ ሙሽራው ጥርስ ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ጥበቡ ከየት እንደተወረሰ በዚህ ታወቀ፤ የአገር ቅርስ ኖሯል። በስድስተኛውም ደቂቃ ሙሽራው አልጎረሰም፤ ጀግናችንም አልጎረሱም፤ በሁለት አህጉር ሁለት ጉርሻ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በሰባተኛው ሠርጉ ከነዶሮ ወጡ ተሰረዘና ቦታ ተገኘ። በስምንተኛው፣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ የስልኩ አስተርጓሚ በጃፓንኛ «ፈገግ በል!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ፈገግ አለ፤ ክንዱ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በዘጠነኛው ስልኩ እስካሁን ይቀርጽ የነበረው የሳቸውን ፊት መሆኑ ተደረሰበት። እንደገና! በአሥራ አንደኛው ነከሱት። ለመንከስ ታገሉ ማለት ይሻላል፤ ኖሪው እንደ ጫማ ቆዳ ተለጥጦ አልበጠስ ሲል የባሕር ጃርቱ ሥጋ በዚያ ባልተቀባ እንጨት ላይ ዱብ አለ። «ዋው! ቤተሰብ፣ ጣዕሙ ልዩ ነው!»

የቀረውን ጀብዱ ቶሎ ቶሎ እንቁጠረው። ቱናው ሲመጣ ባለሙያው ኒኪሪ የሚሉትን፣ ከሶያ ሶስና ከሩዝ ጠጅ አፍልቶ ያዘጋጀውን ቀብቶታል፤ ማጥቀስ አያሻውም። ጀግናችን ሩዙን ወደ ታች አድርገው ሶያ ውስጥ ደፈቁት። ሩዙ ደግሞ አፍ ውስጥ እንዲበተን ተብሎ ለስለስ ተደርጎ የተጨበጠ ስለሆነ እዚያው ሶያው ውስጥ ተበተነ። ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ የሚያቃጥል ቅመምም በዓሣውና በሩዙ መካከል ተቀምጧል፣ በሻርክ ቆዳ መፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ፤ ሩብ ሰዓት ከቆየ ኃይሉ ስለሚበን ባለሙያው የሚፈቀፍቀው በልክ በልኩ ነው። እሳቸው ተጨማሪ አስመጥተው ሶያው ውስጥ በጥብጠው ጭቃ አደረጉት፤ አልበቃ ሲላቸው ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አወጡ። (እዚህ ላይ ትንሽ አዝንላቸዋለሁ። ያለ ሚጥሚጣ አገር ለአገር መዞር ይከብዳል።) በጉርሻና በጉርሻ መካከል አፍ የሚያጠራውን ዝንጅብልም እንደ ሰላጣ ከላይ ጫኑበት።

ለካሜራው ደግሞ «ዛሬ ጠዋት የተጠመደ፣ በቀጥታ ከጹኪጂ ጨረታ!» አሉ። የቶኪዮ የዓሣ ገበያ ጨረታ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ጹኪጂ ከሚባለው ሰፈር ለቆ ቶዮሱ ወደሚባለው ገብቷል፤ ቱናም ደህና ባለሙያ እጅ ሲገባ ጣዕሙ እስኪወጣ ቀናት እንዲያርፍ ይደረጋል። ትኩስ የነበረው ወሬው ብቻ ነው።

እስካሁን ቀልድ ነበር። ቦታ ይዘው በሚቀሩት ላይ ግን ቀልድ አይወጣልኝም። ለአንድ ምሽት ሦስት ቤት አስይዘው «ያኔ ደስ ያለን ጋ እንገባለን» የሚሉት። ስማ! ሰውየው ማለዳ ተነሥቶ ዓሣ የሚገዛው በእንግዳ ቁጥር ነው። ስምንት ወንበር ካላት ቤት አራታችሁ ስትቀሩ የዙሩ ግማሽ ነው የጠፋው። ቱናው ቢጠብቅለት ሌላው አይጠብቅለትም። ያንን ወንበር ፈልጎ «ሞልቷል» የተባለ የሰፈሩ ሰው ደግሞ አለ። ለአንድ ጥቅልል አሥራ አንድ ደቂቃ ያለህ ሰው «አልመጣም» ብሎ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ታጣለህ? ይሄ ብልግና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አሁን ብዙ ቤቶች ገና ቦታ ሲያዝ የባንክ ካርድ የሚጠይቁት፣ ሐቀኛውም እንደ ሌባ የሚታየው በአንተ ምክንያት ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ጀግናችን በወጉ ሳይጎርሱ ያመሹበት ቤት ውስጥ ጉርሻ ትተው ወጡ። ጃፓን ውስጥ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መተው ልማድ አይደለም፤ አስተናጋጇ «ገንዘብ ረስተዋል» ብላ እስከ መንገዱ ማዶ ሮጣ መለሰችላቸው። ይህም ተቀረጸ።

ከዚያ ሁሉ ቀረጻ የተለቀቀችው ዘጠኝ ሰከንድ ናት፤ ሰባቱ ፊታቸው ነው። ከሥሩ «ሩዙ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ከአሥር ስድስት ሰጥቻለሁ» ይላል። ከአስተያየቶቹ ብዙ ልብ የተሰጠው «ጥሬውን?! ኧረ በማርያም! ትል ቢኖረውስ?» የሚለው ነው። ፍርሃቱስ መሠረት አለው፤ አኒሳኪስ የሚባል ትል አለ፤ ዋሳቢም አቼቶም አይገድለውም፤ የሚገድለው በደንብ መብሰል ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት በረዶ ሆኖ መቆየት ነው። በዚያ ላይ የቀረበው ሁሉ ጥሬ አልነበረም፤ አናጎ የሚባለው ረዥም ዓሣ ተቀቅሎ ነው የሚመጣው፣ ኮሃዳ የምትባለው ትንሿም በጨውና በአቼቶ ታሽታ። አስተያየት ሰጪው ግን መልስ አልጠበቀም። የመገለጫ ፎቶው ላይ በግራ እጁ ቁርጥ፣ በቀኙ ቢላ ይዞ፣ አዋዜው አገጩ ላይ እየወረደ ይስቃል።