የአሮን በትርና የእኔ ፊት

የወሎ ሰው መልከ መልካም ነው የሚለው ዝና አገር ካዳረሰ ወዲህ፣ እንደኔ ያለ አመዱ ቡን ያለ የደሴ ተወላጅ ወደ ሌላ ከተማ በተጓዘ ቁጥር «እውነት ግን ከወሎ ነህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ አያዝንም። ባለቤቴ ግን የአገር ስም በእኔ ፊት ምክንያት መጉደፉን መታገሥ ስላልቻለች፣ ከአንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ የአልመንድ ዘይት ገዝታ መጣች። ብልቃጡን ከዋጋው ጋር ሳስተያየው፣ ከምንቀባው ባንክ ብናስቀምጠው ይሻል ነበር።

አማቴ ለቡና በመጡበት ዕለት «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባለቤቴ «የለውዝ ዘይት ነው እማዬ፤ ቆዳ ያለሰልሳል» አለቻቸው። እኛ ዘንድ ለውዝ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከቆሎ ጋር የሚቀርበውን ኦቾሎኒ ነው። አማቴም ነገርን ከሥሩ መያዝ የሚወዱ ሴት ስለሆኑ፣ በማግስቱ ግማሽ ኪሎ ለውዝ ገዝተው፣ ቆልተው፣ ወዙ እስኪወጣ ድረስ በሙቀጫ ወቅጠው በሳህን ይዘው ከተፍ አሉ። «ይኸው፤ ለብልቃጥ ብር ከምትበትኑ!» አማት የደከሙበትን እምቢ ማለት ነውር ነውና ተቀባሁ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ጉንጬን አሽትታ ዳቦ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትሮጥ፣ መንገዱን እንደሳትን ገባኝ።

ክርክሩ የተፈታው በሚቀጥለው ቡና ላይ ነበር። ጎረቤታችን ሸኹ፣ ዐረቦች ለውዝ የሚሉት አልመንዱን እንጂ ኦቾሎኒውን እንዳልሆነ አስረዱ። ቄሱም ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ በኦሪት ዘኍልቍ የአሮን በትር አብባ ያፈራችው ለውዝ ይኸው የዛፍ ፍሬ እንደሆነ፣ ኦቾሎኒ ቢሆን ኖሮ ግን ፍሬው ከመሬት በታች ስለሚያዝ ሕዝቡ ተአምሩን ለማየት በትሯን ተክሎ መቆፈር ያስፈልገው እንደነበር ተናገሩ። ሁለቱ አባቶች ስለተስማሙ አማቴ ቶናውን በዝምታ ጠጡ።

ዘይቱ የሚሠራው ሥራ ደግሞ የሚባለውን ያህል ረቂቅ አይደለም። ቆዳ ውስጥ ውኃ አይጨምርም፤ ያለው እርጥበት ተንኖ እንዳይወጣ ከላይ ይከድነዋል። ስለዚህም ፊት ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ሁለት ሦስት ጠብታ በቂ ነው፤ ደርቆ ካለቀ በኋላ ጠርሙስ ሙሉ ቢያፈሱበት የደረቀ ቆዳ በዘይት ይወለወላል እንጂ አይረጥብም። ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ቢጠነቀቅ፣ ለውዝ ነክ ነገር የማይስማማው ደግሞ ከነጭራሹ ባይነካው ይሻላል። ሌላው በመጀመሪያ በክንዱ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን ይጠብቅ። አማቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ለጋ ቅቤስ ክዳን አይደለም ወይ?» አሉ። ክዳን ነው። ልዩነቱ ቅቤ የቀባ ሰው ቢሮ ሲገባ የሥራ ባልደረቦቹ መስኮት መክፈታቸው ነው፤ ወይባ ጢስ የሞቀችውን ሴት ግን ሁሉም መዓዛዋን እያደነቀ ያሳልፋታል። የአፍንጫችን ፍርድ ለምን እንዲህ እንደሚያዳላ አልገባኝም።

አንድ ቀን መነጽሬን አድርጌ በብልቃጡ ጀርባ የተጻፈውን አነበብሁ። በእንዲህ ያለ ዝርዝር በብዛት የገባው ነገር በቅድሚያ ይጻፋል፤ ከፊት በትልቁ አበባ የተሣለለት አልመንድ ከመጨረሻው በፊት ነበር፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተቀመጠው ፈሳሽ ፓራፊን ነው። «ፓራፊን? የሻማው?» አሉ አማቴ፤ የሻማው ወንድም መሆኑን አልደበቅኋቸውም። ለሳምንት ያህል መብራት በጠፋ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ እስኪ ፊትህን ለኩሰው» ሲሉኝ ከረሙ።

ባለቤቴ ተናዳ ሁለተኛ ብልቃጥ ገዛች፤ በዚህኛው ላይ የተጻፈው የጣፋጩ አልመንድ ዘይት ብቻ ነው። ፊቴ ጥቂት ተሻለው፤ ከወሎ መሆኔን አሁንም ይጠራጠራሉ፣ ግን እንደ ድሮው መታወቂያ አይጠይቁም። ባለፈው አርብ አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ለቡና ሲቀመጡ፣ እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቆ የማውቀው ተረከዛቸው ያብረቀርቅ ነበር።

«እማማ፣ ተረከዝዎ አምሮበታል» አልኋቸው።

«ቅቤ ነዋ! የአገሬ ቅቤ!» አሉ ቀሚሳቸውን ወደ ታች እየጎተቱ።

ማታ ብልቃጡን ባነሣው ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል።