ለአንዲት መስመር

ባለፈው መጋቢት እዚህ አሜሪካ ታክስ ላሠራ የሄድኩ ዕለት የሆነው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ታክስ የምትሠራልኝ እህት የቤተ ክርስቲያኔን ደብዳቤ አንዴ አነበበችው፣ ደገመችውና መለሰችልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ አይሆንም» አለችኝ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ በአንድ ቼክ የከፈልኩት የዓመቱ የአባልነት 600 ዶላር በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል። የጎደለው «ለዚህ ክፍያ ከመንፈሳዊ አገልግሎት በቀር በምላሹ የተሰጠ ነገር የለም» የምትል አንዲት መስመር ናት።

ለቤተ ክርስቲያንና ለበጎ አድራጎት የሰጡት ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ሊቀነስ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው ግን የአሜሪካ ሕግ ይህቺን መስመር የግድ ይላል። ለቤተ ክርስቲያናቸው ከ22 ሺህ ዶላር በላይ የሰጡ ባልና ሚስት፣ መስጠታቸውን ማንም ሳይክድ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በታክስ ፍርድ ቤት የተረቱት በእሷው ነው። የተስተካከለ ሁለተኛ ደብዳቤ ቢያመጡም ጊዜው አልፎ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገንዘብ ያዣችንን አዳራሹ ውስጥ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ደብዳቤው አንድ መስመር ይጎድለዋል» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ለእግዚአብሔር የሰጠኸውን ከመንግሥት ልታስመልስ ነው?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የቆረስኩት ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ደብዳቤው ተስተካክሎ የመጣው በግንቦት፣ ታክሱ ከገባ በኋላ ነው። እንደ ባልና ሚስቱ የኔም ጊዜ አለፈ።

በዚያው ዓመት ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ 60 ዶላር ሰጥቼ ነበር። ስልኬን ኪሴ ሳልከት ደረሰኙ መጣ፣ ያቺ መስመር ተጽፋበት። ለ60 ዶላር እኮ ሕጉ እንኳን አያስገድዳቸውም!

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው የሚለኝን አልቀበልም። እናቴ የዕድር ደብተሯን ከልደት ካርዳችን ጋር በአንድ ሻንጣ ነው የምታስቀምጠው። ጸሐፊው ወር በወር ይፈርምበታል፣ ያሳለፈ ይቀጣል፣ የተዋሱት ድስትና ወንበር ሳይቀር ተቆጥሮ ይመለሳል። የአገር ቤት ደመወዝተኛ ግብሩ እጁ ሳይገባ ስለሚቆረጥ ያን ደብተር ገቢዎች ይዞ የሚሄድበት ምክንያት የለውም፤ ቢሆንም ደብተሩ አይጓደልም። ታዲያ ወረቀቱ ገንዘብ የሚያወጣበት አገር መጥተን «ቁጥር አታብዛ» መባባል ምን ይሉታል?

ደግሞ ሁሉም መዋጮ አይቀነስም። እዚህ የምንከፍለው ዕድር ሐዘን ሲደርስብን ለራሳችን የሚመለስ ስለሆነ በስጦታ አይቆጠርም፤ ለወንድም፣ ለእህት የምንልከውም እንዲሁ። ለማኅበር የራት ግብዣ 100 ዶላር ቲኬት ገዝተን የበላነው 40 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ የሚቀነሰው 60ው ብቻ ነው። ዕድሩን «ቻሪቲ» (በጎ አድራጎት) ብሎ ሞልቶ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የመጣበት ጓደኛ አለኝ፤ የነገረው ሰው ግን የለም። ይህን ማስረዳት የማኅበር መሪዎች ሥራ ነበር።

ነገሩ አሁን የባሰ የሚያሳስበኝ በ2026 ሕጉ ስለተለወጠ ነው። የቤት ብድር ወለድን የመሰለ ወጪውን እየዘረዘረ ከመቀነስ ይልቅ ሕጉ የወሰነውን ቁርጥ ቅናሽ (ስታንዳርድ ዲዳክሽን) የሚወስደው ሰውም ለበጎ አድራጎት ከሰጠው ጥሬ ገንዘብ ላጤ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት በጋራ ከሞሉ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላሉ። እስካሁን ቤት ላለው ብቻ የሚጠቅም ይመስል የነበረው ጉዳይ ዛሬ ለፓርኪንግ ሠራተኛውም፣ ሌሊት አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ ቅዳሴ ለምትመጣውም ደርሷል። እነሱ ናቸው ያቺን መስመር የሚያጡት።

ባለፈው እሑድ መስመሯን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ለገንዘብ ያዣችን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «ይቺ ብቻ ናት?» አሉኝ።

«ይቺ ብቻ ናት፣ ጋሼ።»